ልጄ ወታደር ልሁን ሲለኝ የኔቶን ውል ቁጭ ብዬ አነበብኩ

የካቲት ላይ ነው። ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ ቤት ስገባ ልጄ ወጥ ቤት ቆሞ ጠበቀኝ። ሻይ አፍልቷል። ቅርንፉድ ሳይቀር ጨምሮበታል። ልጄ ደግሞ ጠዋት በ1 ሰዓት ተነስቶ ሻይ የሚያፈላ ልጅ አይደለም። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ልቤ ደንገጥ አለ።

«እማ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ አልኩ።

«ወታደር ቤት ልገባ ነው። ማመልከቻውን ጀምሬዋለሁ።»

19 ዓመቱ ነው። እዚሁ ሜልበርን ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ ይጨርሰዋል። አገሩ አውስትራሊያ ናት። ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፣ ከፍቶኝም አያውቅም። እዚህች አገር ሥራ አግኝቼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ልጅ አሳድጌባታለሁ። ስለዚህ «ለምን?» አላልኩትም። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«የት ነው የሚልኩህ?»

«እሱን ማን ያውቃል? የተላክሁበት ነዋ። አውሮፓም ሊሆን ይችላል። አሁን ከኔቶ ጋር ብዙ ሥራ አለ።»

«አውስትራሊያ የኔቶ አባል ናት እንዴ?»

«አይ፣ አባል አይደለችም። አጋር ናት።»

ሻዩን ጠጥቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። አጋር።

እናቴ አዲስ አበባ የሰፈራችን እድር አባል ነበረች። እድር ማለት መዝገብ ነው። ስምህ መዝገቡ ላይ ካለና ወርሃዊህን ከከፈልክ፣ ሐዘን ቤትህ የገባ ቀን ጡሩምባው ይነፋል። ድንኳኑ ይተከላል። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ ይመጣል። «እንሂድ ወይስ እንቅር» ብሎ የሚማከር የለም። እዚያው ሰፈር ደግሞ አንድ ሰው ነበሩ። እድሩ ውስጥ አልተመዘገቡም፣ ምክንያቱን አላውቅም። ግን ሞት በተሰማ ቁጥር ድንኳን ሲተክሉ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ ሬሳ ሲሸኙ ይታያሉ። ሁሉ ሰው ይወዳቸዋል። እሳቸው የሞቱ ዕለት ግን ስብሰባ ተጠራ። ድንኳኑ ይውጣላቸው ወይስ አይውጣ? መጨረሻ ላይ ወጣ። ልጃቸው ግን በር ላይ ቆማ ውሳኔ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግስቱ ዕረፍት ነበረኝ። የኔቶን ውል ከኢንተርኔት አውጥቼ አነበብኩ። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶችና ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሚያዝያ 1949 ዋሽንግተን ላይ 12 አገሮች የፈረሙት ነው። አሁን 32 ደርሰዋል። ትልቅ መጽሐፍ መስሎኝ ነበር፣ 14 አንቀጽ ብቻ ነው። ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።

ሁሉ ሰው የሚያወራው አንቀጽ 5ን ነው። በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ከአባላቱ በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል ይላል። ጥሩ። ግን እዚያው ላይ እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ መስሎ የታየውን» እርምጃ ይወስዳል የሚልም አለበት። ማለትም አባል ለሆነውም ቢሆን ሠራዊት ይላክ ብሎ የሚያስገድድ ቃል የለም። ለአባል ይህን ያህል ክፍተት ካለው፣ አጋር የተባለው ምን ሊኖረው ነው?

አንቀጽ 6 ደግሞ ቦታውን ያጥራል። የአባላቱ ደሴት ቢሆን እንኳ ከትሮፒክ ኦፍ ካንሰር በስተሰሜን ካልሆነ ውሉ አይነካውም። ይህ መስመር ከምድር ወገብ በላይ፣ ሰሃራን አቋርጦ የሚያልፍ ነው። ሃዋይ እንኳን ከመስመሩ ውጭ ናት። በ1982 አርጀንቲና ፎክላንድን ስትይዝ፣ ደሴቶቹ የእንግሊዝ ሆነው ሳለ፣ አንቀጽ 5 አልሠራላቸውም። አንቀጽ 10 ላይ ደግሞ አዲስ አባል ሆኖ የሚጋበዘው የአውሮፓ አገር ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ስለዚህ አውስትራሊያ ብትፈልግም መግባት አትችልም። በሩ ለእሷ አልተሠራም። ከሜልበርን ብራስልስ ከ16 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ታዲያ ይህች አገር እዚያ ምን ትሠራለች?

ከእኛ ቤት ሁለት ቤት ወረድ ብሎ አንድ የቀድሞ ወታደር ይኖራል። አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አጥሬ በንፋስ የወደቀ ጊዜ ሳልጠራው መጥቶ ያቆመልኝ ሰው ነው። አፍጋኒስታን እንደነበረ አውቃለሁ፣ ጠይቄው ግን አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። ልጄ ያለኝን ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ከየት ልጀምርልሽ?» አለኝ።

ከመስከረም 2001 ጀመረ። ኒውዮርክና ዋሽንግተን ሲመቱ የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ እዚያው ዋሽንግተን ነበሩ። ኔቶ በማግስቱ አንቀጽ 5ን ሥራ ላይ አዋለ። በታሪኩ ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረገው። አውስትራሊያ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ከአሜሪካ ጋር ያላትን የራሷን ውል፣ አንዙስ የሚባለውን የ1951 ስምምነት፣ መዘዘች። ስለዚህ ወታደሮቿ ወደ አፍጋኒስታን የሄዱት በአንዙስ በር ነው። በ2003 ግን የዓለም አቀፉን ጦር አመራር ኔቶ ተረከበ። ከ2006 ጀምሮ አውስትራሊያውያኑ ኡሩዝጋን በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ከሆላንድ ጦር ጋር፣ በሆላንድ መሪነት፣ በኔቶ ዕዝ ሥር ሠሩ።

እሱ የሄደው በ2009 ነው። ካምፑ ታሪን ኮት የምትባል ከተማ ነበር። «አቧራው እንደ ዱቄት ነው» አለኝ። «ጫማሽን ስታነሺ ዱካሽ አይቀርም፣ አቧራው ተመልሶ ይሞላዋል። ፈንጂ የሚቀብሩትም በዚያ ነው። የተቆፈረና ያልተቆፈረ መሬት አይለይም።» ጸደይ ሲመጣ የአልመንድ ዛፎቹ ነጭ አበባ እንደሚያወጡ ነገረኝ። ሲናገር በእጁ የዛፉን ቁመት እያሳየኝ ነበር። ከትከሻው ትንሽ ከፍ አድርጎ። የሚወደውን ቦታ የሚያሳይ ሰው ነው የሚመስለው።

አውስትራሊያ አባል ካልሆኑት አገሮች ሁሉ ብዙ ወታደር ካዋጡት ግንባር ቀደም ነበረች። ግን ልጆቿ የሚዋጉበትን ዕቅድ የሚያወጣው ስብሰባ ላይ ወንበር አልነበራትም። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆኤል ፊትዝጊበን ይህን በአደባባይ ተናገሩ። የኔቶን የዕቅድ ሰነድ እንኳ ሳናይ ነው ጦር የምናዋጣው ብለው አማረሩ። በሚያዝያ 2008 ቡካሬስት ላይ በተደረገው የኔቶ ጉባኤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ ራሳቸው ሄዱ። ይህን ስሰማ ያ ሰውዬ ትዝ አሉኝ። ውሃ ይቀዳሉ፣ ስብሰባ አይጠሩም።

በ2010 ደግሞ የሆላንድ መንግሥት በዚሁ ጦርነት ምክንያት ፈረሰ። ሕዝቡ መሮት ነበር። በነሐሴ ጦራቸው ለቆ መውጣት ጀመረ። አልፈርድባቸውም፣ 25 ልጆቻቸውን ቀብረዋል። በኡሩዝጋን የበላይ አመራሩን አሜሪካኖች ያዙት። አውስትራሊያ ግን እስከ 2013 መጨረሻ እዚያው ቆየች። መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ወጣ፣ ስሙ የሌለው ቀረ። ጎረቤቴን «አልተናደዳችሁም?» አልኩት። «ሆላንዶቹ ጓደኞቼ ነበሩ» ብሎ ዝም አለ።

በጠቅላላው ከ39 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን አፍጋኒስታን ዘምተዋል። 41 ሞተዋል። ነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡል ተመልሶ ገባ።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እኔ የማልፈልገውን ጥያቄ እያሸሸሁ ነበር። እሱ ቀደመኝ። «ልጅሽ የብሬረተንን ሪፖርት ያንብብ» አለኝ። ኅዳር 2020 የወጣ ምርመራ ነው። የአውስትራሊያ ልዩ ኃይል አባላት 39 አፍጋኖችን ያለ ሕግ ስለመግደላቸው ተዓማኒ መረጃ አለ የሚል። በውጊያ መሐል የተገደሉ አይደሉም። እስረኞች፣ ገበሬዎች አሉባቸው። ማታ ልጄን ጠየቅኩት። «አንብቤዋለሁ እማ» አለኝ። «ስለዚህ አትሂድ ልትይኝ ነው?» አላልኩትም። አንድ ነገር ብቻ አልኩት። እናትና ልጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሳህን አጥቦ ገባ።

ሌላም ቁጥር አለ፣ ከ41ዱ ጋር አብሮ የማይጠራ። ስለ ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች ራስን ማጥፋት የመረመረው ሮያል ኮሚሽን የሚባለው ከፍተኛ የመንግሥት አጣሪ አካል መስከረም 2024 የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። ከ1997 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ቢያንስ 1,677 የሠራዊቱ አባላትና የቀድሞ አባላት ራሳቸውን አጥፍተዋል። ሁሉም አፍጋኒስታን የሄዱ አይደሉም። ግን የወታደር ዋጋ ጦር ሜዳ ላይ ብቻ እንደማይከፈል ያሳያል። ስምምነት የሚፈራረሙ ሰዎች ፎቶ ሲነሱ ይህን ቁጥር ማንም ይዞት አይገባም። ጎረቤቴ ለሊት የጋራዡን መብራት አብርቶ ብስክሌት ሲጠግን ሥራ በማልገባበት ሌሊት አየዋለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት። ድሮ እንቅልፍ የማይወድ ሰው ነው እል ነበር።

አውስትራሊያ ከኔቶ ጋር ያላት ስምምነት እንግዲህ እየሰፋ ሄደ። በ2012 የኔቶ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ራስሙሰንና ጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊያ ጊላርድ የጋራ የፖለቲካ መግለጫ ፈረሙ። በ2014 ዌልስ ላይ ኔቶ አውስትራሊያን ከቅርብ አጋሮቹ ተርታ አስገባት፣ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከጆርጂያና ከዮርዳኖስ ጋር። ስዊድንና ፊንላንድ ዛሬ አባል ሆነዋል። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ፈርተው፣ አጋርነት አይበቃንም ብለው ገቡ። እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ ይህን ያህል ቁልጭ አድርጎ የነገረኝ ነገር የለም። አጋርነትን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሁለት አገሮች አደጋው ደጃቸው ሲመጣ አባልነትን መረጡ። አውስትራሊያ ያ ምርጫ የላትም።

ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጎረቤቴ በዚህ በጣም ቆራጥ ነው። የአንዱ አገር ሬዲዮ ከሌላው ጋር ካልተግባባ ሰው ይሞታል። ጥይቱ ካልገጠመ ሰው ይሞታል። ሄሊኮፕተር ጠርተህ የምትሰጠው የካርታ ቁጥር በሁለት ዓይነት ከተነበበ ሰው ይሞታል። የኔቶ አጋርነት ብዙው ሥራ ይሄ ነው፣ አሰልቺ የሚመስለው። አብሮ መለማመድ፣ መለኪያ ማመሳሰል፣ የኢንተርኔት ጥቃት መረጃ መለዋወጥ። «የተረፍኩት በሱ ነው» አለኝ። ይህን የሚለኝን ሰው ምን ብዬ እከራከረዋለሁ?

ስለ ዩክሬን ደግሞ የራሴን ልናገር። መጋቢት 31 ቀን 2022 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ በቪዲዮ ለአውስትራሊያ ፓርላማ ሲናገሩ እኔ በምሠራበት መጦሪያ ሳሎን ውስጥ ከአረጋውያኑ ጋር ሆነን አየነው። ቡሽማስተር የሚባለውን ብረት ለበስ መኪና በስሙ ጠርተው ለመኑ። እኔ ቡሽማስተርን የማውቀው በቤንዲጎ ነው። የባለቤቴ እህት እዚያ ትኖራለች፣ ከእኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። መኪናው የሚሠራው እዚያ ነው። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ከጎናችን ቆሞ አይቼዋለሁ። ከፍ ያለ፣ ሆዱ ከሥር እንደ ጀልባ የሾለ ነው። እንዲያ የተሠራው ፈንጂ ከሥር ሲፈነዳ ኃይሉ ወደ ጎንና ወደ ጎን እንዲበተን ነው። ልጄ ያኔ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ይቆጥር ነበር፣ ስንት መስኮት እንዳለው።

ዘለንስኪ በተናገሩ በሳምንታቸው የመጀመሪያው በጭነት አውሮፕላን ተጭኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተከተሉ። ከጥር 2023 ጀምሮ የአውስትራሊያ ወታደሮች እንግሊዝ አገር ሄደው ለዩክሬን ምልምሎች ሥልጠና ሰጥተዋል፣ መጀመሪያ ላይ በአንድ ዙር እስከ 70 የሚሆኑ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አንድ የአየር ቅኝት አውሮፕላን ጀርመን ገባ፣ ወደ ዩክሬን የሚሄደው ዕርዳታ የሚያልፍበትን መስመር ሊጠብቅ።

ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ሆኖ ይህ የማይገባው ያለ አይመስለኝም። በ1935 ጣልያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበርን። አጋር አይደለም፣ አባል። ስማችን መዝገብ ላይ ነበር። ግን ጡሩምባው አልተነፋም። ሰኔ 1936 ንጉሡ ጄኔቭ ቆመው የተናገሩትን እኛ ሁላችን አንድ ቀን ሰምተናል። ሩቅ ያለ አገር «የኔ ጉዳይ አይደለም» ሲል ምን እንደሚመጣ እናውቃለን።

ለዚህም ነው በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ቃኘው ሻለቃ የዘመተው። አያቴ የሁለተኛው ቃኘው ነበር። ከ3 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ሄደዋል፣ ከ120 በላይ አልተመለሱም። አንድም ሰው አልተማረከም። አያቴ ስለ ጦርነቱ አያወራም ነበር። ስለ ብርዱ ግን ያወራል። «ሽንት መሬት ሳይደርስ ይቀዘቅዛል» ይለን ነበር፣ እኛ ልጆቹ እንስቃለን። የዘመተው በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ነው፣ በኔቶ አይደለም፣ በጦር ውልም አይደለም። ንጉሡ ያመኑት አንድ ነገር ነው። እኛ ለሌላው ከደረስን፣ ነገ ለእኛም ይደረሳል። አያቴ ይህን ያምን እንደነበር አላውቅም። እሱ ታዘዘ፣ ሄደ።

ልጄ የአያቴን ፎቶ ስልኩ ላይ አስቀምጦታል። ካፖርት የለበሰ፣ ከኋላው በረዶ ያለበት። ማመልከቻውን ከመጀመሩ በፊት ነው ያስቀመጠው፣ በኋላ ነው የገባኝ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ሰኔ 2022 ማድሪድ ላይ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ መሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የኔቶ ጉባኤ ተገኙ። በዚያው ጉባኤ ኔቶ በስትራቴጂ ሰነዱ ላይ ቻይናን ለመጀመሪያ ጊዜ በስም ጠቀሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቪልኒየስ ላይ የአራት ዓመት የትብብር ፕሮግራም ተደረሰ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። አውስትራሊያ የምትፈራው አውሮፓን አይደለም። ሰሜኗ ላይ ያለውን ባሕር ነው። ዛሬ ለአውሮፓ ከደረስኩ፣ ያ ቀን ከመጣ አውሮፓ ይደርስልኛል ብላ ታስባለች። ንጉሡ ያሰቡትን።

ግን አውሮፓ ውስጥ ራሱ ስምምነት የለም። በ2023 ኔቶ ቶኪዮ ላይ ትንሽ የግንኙነት ቢሮ ይክፈት ሲባል የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ተቃወሙ፣ የሰሜን አትላንቲክ ድርጅት ነውና። አንዲት ቢሮ ናት እንግዲህ። ለቢሮ ይህን ያህል ከተጨቃጨቁ ለመርከብ ምን ሊሆኑ ነው? እዚህ አገር ደግሞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ ኔቶ ወደ እስያ አይምጣብን ብለው አምርረው ጽፈዋል። ሁሉንም ባልቀበለውም ጥያቄያቸው ጥያቄ ነው።

አንዙስስ? እሱንም አነበብኩ። እያንዳንዱ ወገን «በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ መሠረት» የጋራውን አደጋ ለመጋፈጥ እርምጃ ይወስዳል ይላል። ኒውዚላንድ በኒውክሌር የሚሠሩ መርከቦች ወደቤ አይገቡም ስትል፣ አሜሪካ በ1986 ለእሷ ያለባትን የአንዙስ ግዴታ አቋረጠች። ውል ያላትም አገር እንዲህ ልትሆን ትችላለች።

እኔ የማይዋጥልኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር ጦር ወደ ውጭ ለመላክ የፓርላማ ድምፅ አያስፈልግም። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ካቢኔው ይወስናሉ፣ በቃ። በ2023 የፓርላማው ኮሚቴ ራሱ ይህን መርምሮ የመወሰን ሥልጣኑ እዚያው ይቆይ አለ። ቤት ስንገዛ እንኳ ጠበቃ ውሉን ቃል በቃል ያነብልናል። ልጆቻችን ወደ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲላኩ ግን የመረጥናቸው ሰዎች ቆመው፣ ስማቸው ተመዝግቦ፣ «እኔ ይሂዱ ብያለሁ» እንዲሉ አይጠየቁም። ለአካባቢያችን ተወካይ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በሕይወቴ ለፖለቲከኛ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ጦር ከመላኩ በፊት ፓርላማው ይከራከር፣ ድምፅ ይስጥ። ከኔቶ ጋር ያለው ውል ደግሞ ለምልምሎቹ በግልጽ ይነበብላቸው፣ እኛ እነሱን ልንረዳ እንደምንሄድ፣ እነሱ ግን እኛን ሊረዱ የመምጣት ግዴታ እንደሌለባቸው። ልጄም አብሮ ፈረመ።

ሚያዝያ 25 የአንዛክ ቀን ነው፣ አውስትራሊያ የወደቁ ወታደሮቿን የምታስብበት። «እማ፣ አብረሽኝ ነይ» አለኝ። 20 ዓመት ያህል እዚህ ኖሬ ሄጄ አላውቅም ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሴንት ኪልዳ ጎዳና ላይ ባለው ትልቁ መታሰቢያ ደረስን። ጨለማ ነው፣ ይበርዳል። ሰው በሺዎች ቆሟል፣ ድምፅ ግን የለም። በር ላይ አንዲት አሮጊት ትንሽ የጥብስ ቅጠል ሰጡኝ። ገና ሳይሰጡኝ በጠረኑ አወቅኩት። እኛ ሥጋ የምንጠብስበት ቅጠል እዚህ ደረት ላይ ይሰካል። ጋሊፖሊ የሚባለው የቱርክ ባሕር ዳርቻ ላይ በዱር ይበቅላል። በ1915 እዚያ ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን ሞተዋል፣ ለእንግሊዝ ብለው፣ ከአገራቸው የዓለም ጫፍ ላይ።

ልጄ የኔን ሰካልኝ። እጁ ብርድ ስለያዘው መርፌ ቁልፉ እንቢ አለው። ሁለት ጊዜ ሞከረ። ጡሩምባው ሲነፋ ጎረቤቴን ከሕዝቡ መሐል አየሁት። ሜዳልያዎቹን አድርጓል። ከጎኑ ማንም አልነበረም። ልጄ አየኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሄዶ ከጎኑ ቆመ።

ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ጠዋት ሊሮጥ ሲወጣ እኔ ከሥራ ስገባ በር ላይ እንገናኛለን። ዛሬ ሸሚዙን ተኩሼ ሰቀልኩለት። የውሉን ወረቀት ደግሞ፣ አንቀጽ 5፣ 6 እና 10 ላይ በቢጫ አስምሬ፣ ከመኪና ቁልፉ ሥር አስቀመጥኩት።